ጎማ ቁጠባ

አዲስ አበባ ውስጥ «ጎማ ቁጠባ» የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ስሙን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠሩት እግዜር ይቁጠረው። እኔም ለዓመታት በዚያ ሳልፍ እንደ ማንኛውም የሰፈር ስም ሰምቼው አለፍኩ እንጂ ሁለቱን ቃላት ለያይቼ አይቻቸው አላውቅም ነበር። አንድ የመስቀል ዋዜማ ግን፣ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጎማም ቁጠባም ተያይዘው መጡብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰፈሩ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ትንሽ ይደነግጣል።

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ዙፋንና ጦር እናስባለን። የጉራጌን አገር የቅርብ ዘመን ታሪክ ግን ጎማን ሳያነሡ መተረክ የሚቻል አይመስለኝም። ሰው ከመንደሩ ወጥቶ መርካቶ የደረሰው፣ በመስቀል ወደ እናቱ ጓዳ የሚመለሰው፣ በርበሬው፣ ጫቱና ቆጮው ገበያ የሚወጣው በጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያየው ጥቁር ክብ ነገር ነው።

*

አጎቴ በወልቂጤ ከተማ ጎሚስታ ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እናቴ ከቡታጅራ አጠገብ ካለው መንደራችን ወደ እርሱ ትልከኛለች። ሁለቱ ከተሞች በካርታ ላይ ጎረቤት ይምሰሉ እንጂ የጉራጌ ተራሮች በመካከላቸው ተጋድመዋል። እኔም እስከ ዓለም ገና ወጥቼ፣ እዚያ ወርጄ፣ የጅማውን መኪና እይዝ ነበር። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት ዓለም ገና ላይ ነው። አንዱ በጢያና በቡኢ አድርጎ ወደ ቡታጅራ ይወርዳል፤ ሌላው ወሊሶን አልፎ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወልቂጤ ይገባል።

የአጎቴ ሱቅ ምልክት ጽሑፍ አልነበረውም። ኖራ የተቀባ አሮጌ ጎማ መንገድ ዳር ቆሟል፤ በቃ። ውስጡ ማስቲሽና የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። የእኔ ሥራ የተነፋውን ከለማዳሪ ውኃ በሞላው ሳፋ ውስጥ እያዞርኩ አረፋ መፈለግ ነበር። አረፋው ፈልቆ ሲወጣ «አገኘሁት!» ብዬ እጮሃለሁ። አጎቴ ቦታውን በእርሳስ ያከብበዋል፤ በሞረድ ያሻክረዋል፤ ማስቲሽ ይቀባዋል፤ እስኪደርቅ ይታገሣል፤ ከዚያ የጎማ ቁራጭ ለጥፎ በጋለ ብረት ይጫነዋል። «ማስቲሹ ሳይደርቅ የሚለጥፍ ሰው ሚስቱን ሳይጠይቅ ሽማግሌ እንደሚልክ ነው» ይል ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወልቂጤን አልፎ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። የወንዙ ድልድይ ከከተማዋ በስምንት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። ከላይ ብርድ ነው፤ ከታች ሐሩር። ከጅማ ቡና ጭነው የሚመጡ ከባድ መኪኖች ያንን ዳገት እያቃሰቱ ወጥተው አጎቴ ደጃፍ ሲቆሙ ጎማቸው እጅ አያስነካም ነበር። ሾፌሩ ይወርድና «ጎማው ተወጥሯልና ትንሽ አስተንፍስልኝ» ይላል። አጎቴ እምቢ ይላል። «ትኩስ ጎማ አላስተነፍስም! አሁን አስተንፍሼልህ ሌሊት ሲበርድ በምን ልትሄድ ነው?»

ሾፌሮቹ አጎቴን ግትር ይሉት ነበር፤ እውነቱ ግን ከእርሱ ጋር ነበረ። በጎማ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ ከመጀመሪያውም የታሰበለት ነው። ልክ የሚባለው ግፊት መኪናው ቆሞ፣ ጎማው በርዶ የሚለካው ነው። ትኩሱን ያስተነፈሰ ሰው ሲበርድ የጎደለ ጎማ ይቀረዋል። የጎደለ ጎማ ጎኑ በዞረ ቁጥር ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ደግሞ ራሱ ሙቀት ይወልዳል። ሰው የሚፈራው የተወጠረውን ጎማ ነው፤ በመንገድ ላይ እየጋለ የሚፈነዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሾፌር የፍሬኑን ግለት በቸርኬው በኩል ለጎማው ያቀብላል። አጎቴ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበውም። ጊቤ አስተማረው።

*

የሥራው ቃላት ራሳቸው የታሪክ ሰነድ ናቸው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ፣ ማስቲሽ… ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ከለማዳሪ የምንለው እነርሱ «ካሜራ ዳርያ» የሚሉትን ነው፤ ትርጉሙም «የአየር ክፍል» ማለት ነው። አጎቴ ጣልያን ያየው በልጅነቱ፣ ያውም ከሩቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ጣልያንኛ ሲናገር ይውላል፤ ጣልያንኛ እየተናገረ መሆኑን ሳያውቅ!

በአየር የተነፋ ጎማ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የሚጠነክርበትን ምስጢር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በአየር የተሞላ መንኮራኩር አስመዘገበ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ነገሩ የተያዘለት እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ብስክሌት ሲሠራ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ አፄ ምኒልክም በመኪና ተቀመጡ። መኪናዋ መጣች እንጂ መንገዱ አልመጣም ነበር።

መንገዱን በሰፊው የጀመረው ወራሪው ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ አራቱም ማዕዘን ለጦር መኪኖቹ መንገድ ዘረጋ፤ የጅማውም መንገድ አንዱ ነው። ወራሪው ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ከጣልያኖቹም መካከል የቀሩ ነበሩ፤ ጋራዥ ከፍተው መኪና ሲጠግኑ፣ ሥር ሥራቸው ክሪክና ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ የእኛ ልጅ ነበር። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ፣ ቃሉም ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ።

ነጻነቱ በተመለሰ ማግሥት ግን ሌላ ችግር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና አካባቢዋን ያዘች፤ በዘመኑ የዓለም የተፈጥሮ ጎማ እጅግ የሚበዛው ከዚያው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣ ነበር። በአሜሪካና በእንግሊዝ እንኳ ጎማ በራሽን ሆነ። ባለጠጎቹ በራሽን ከገዙ የእኛ አገር ባለመኪና ምን ይግዛ? ያለውን ይለጥፋል፤ ለጥፎ ይለጥፋል፤ ሲበቃው ደግሞ ከውስጥ ሌላ ቁራጭ ጎማ ደግፎ ይነዳል። የቁጠባ ሙያችን ሥር ከሰደደባቸው ዘመናት አንዱ ይህ ይመስለኛል።

*

አሁን ወደ ጉራጌ ልመለስ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች መጠገንና መሠራት ቢጀምሩም የመንደሮቹ ተራ በቀላሉ የሚደርስ አልነበረም። በአዲስ አበባ የሚኖረው ጉራጌ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናው ካደረሰው በኋላ በእግርና በበቅሎ የሚሄድ መንገድ ይጠብቀዋል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ወንዙ ሙሉ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። የታመመ ሰው በቃሬዛ፣ ሸቀጥ በትከሻ ነበር።

በ1950ዎቹ ዓመታት ይህ ሕዝብ አንድ ነገር አደረገ። ተሰበሰበ፤ ገንዘብ አዋጣ፤ መንገድ ሊሠራ ተነሣ። የክስታኔ ልጆች ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ ማኅበር አቋቋሙ። በምዕራብ በኩል ያሉት የሰባት ቤት ጉራጌ ልጆችም የመንገድ ሥራ ድርጅታቸውን መሠረቱ። ከሊስትሮው ልጅ ጀምሮ እስከ መርካቶው ባለሱቅ ድረስ በየቤተ ዘመዱ ተቆጥሮ መዋጮ የሚሰበሰብበት ዘመን ነበር። ፈቃደ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በዚሁ በዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ማኅበር ላይ የተመሠረተ ነው። ሌላው ዓለም መንገድ ካለበት ወደ መንገዱ ይሄዳል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከከተማ ተነሥተው መንገዱን ወደ እናቶቻቸው ደጅ ወሰዱት።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ መዋጮው ከየት እንደ መጣ ነው። ከቁጠባ ነው። ጫማ ሳይቀይሩ፣ ምሳ ሳይበሉ፣ ሣንቲም በሣንቲም ላይ ደርቦ የማስቀመጥ ቁጠባ። ያ ትውልድ የሚጣል ነገር አያውቅም ነበር። የመኪናው ጎማ መንገድ አልችል ሲል መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ በስለት ተቆራርጦ ባልዲ ይሆናል፤ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በረባሶ ይሆናል። በረባሶ! ስንቱ ተማሪ ቀለም የቆጠረበት፣ ስንቱ ገበሬ ገበያ የወጣበት ጫማ። ድንጋይ አይበሳውም፤ ጭቃ አያበሰብሰውም፤ እግር ይጨርሰዋል እንጂ እርሱ አያልቅም። በ1960ዎቹ አዲስ ጎማ ፋብሪካ በአገራችን ጎማ ማምረት ከጀመረ በኋላም ቢሆን የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርባቸው ዓመታት አዲስ ጎማ ማግኘት ወረፋና ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር። እናም ቁጠባው ቀጠለ። አጎቴ አንዱን ከለማዳሪ አሥራ ሦስት ጊዜ እንደ ለጠፈ በኩራት ይናገር ነበር።

ይህ ጠባይ ከእንሰቱ የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካዊው አጥኚ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመው መጽሐፍ ገና ከርእሱ ሕዝቡን በእንሰት ባህሉ ይጠራዋል። ከእንሰት የሚጣል የለም፤ ግንዱ ተፍቆ ቆጮ፣ ሥሩ ተቀቅሎ አምቾ፣ ጭረቱ ቃጫ፣ ቅጠሉ መጠቅለያና ምንጣፍ ነው። ነገር ግን፣ ይህንን ነገር ልብ በሉልኝ፣ እናቶቻችን እንሰትን ለዘላለም አያቆዩትም። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ካበበ በኋላ ያከማቸውን ምግብ ለአበባውና ለፍሬው ሰጥቶ ይደርቃል። ስለዚህ ጊዜው የደረሰውን ተክል ገና ሲያዩት ያውቁታል። ከዚያ በላይ ማቆየት መቆጠብ አይሆንም፤ ማባከን ነው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አጎቴ ዘንድ አድጌያለሁ። ከእንሰቱ ሥር ነው የበቀልኩት። እንግዲህ ምን እንዳደረግሁ ስሙ።

*

ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ዋዜማ። ከሰባት ወር በፊት ለመኪናዬ የፊት ጎማዎች ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች ገዝቼ ነበር። ዋጋቸው የአዲሱን ሲሶ አይሆንም፤ ጥርሳቸው ግን ሙሉ! ጣቴን በየጎድጓዳው እያስገባሁ ለካሁ። ለባለቤቴ «የአጎቴ ልጅ መሆን እንዲህ ይጠቅማል» ብዬ ተኩራራሁ። በተረፈው ገንዘብ ለመስቀል ቅቤና ለእናቴ ጋቢ ገዛን።

ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ጭኜ፣ ከኋላ ዕቃ ቆልዬ፣ ዓለም ገናን አለፍኩ። መንገዱ የመስቀል መንገድ ነው፤ ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡ፣ የቤት መኪናው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል። መስኩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ጥቂት ዝናብ ጥሎ አባርቷል። የጢያን ትክል ድንጋዮች ትተን ወደ ቡኢ ስናመራ የቀኝ የፊት ጎማ ፈነዳ።

ድምፁ የጥይት ያህል ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ነጠቀኝ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ፍሬኑን አለመርገጥ እንደሚገባ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ከፊቴ፣ በመንገዱ ጠርዝ፣ እንጨት ያዘለች አንዲት ልጅ ነበረች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው።

መኪናው ቆመ። በእርሷና በመኪናው አፍንጫ መካከል የቀረው ቦታ አንድ ሰው ተዘርግቶ ቢተኛበት የሚሞላ ነበር። እንጨቷን ጥላ ቆማለች። ልጆቼ ያለቅሳሉ። ከመኪናው ወርጄ ምን እንደምላት ሳላውቅ አፌን ስከፍት እርሷ ቀደመችኝ፤ «ሰው ተጎዳ?» አለችኝ። እኔ ልጠይቃት የሚገባኝን እርሷ ጠየቀችኝ።

*

ስኮርታውን አስገብተን እያዘገምን ቡታጅራ ገባን። ከተማው መግቢያ ላይ ኖራ የተቀባ ጎማ ቆሞ አየሁ፤ ልክ እንደ አጎቴ። ጎሚስታው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የፈነዳውን ጎማ አገላብጠው አዩ።

«ይህን ጎማ ስንት ጊዜ ነዳኸው?» አሉኝ።

«ሰባት ወር ነው፣ ጋሼ። ጥርሱ እንዳለ ነበር፤ ምን እንደ ነካው አላውቅም።»

«ጥርሱን አየህ፤ ዕድሜውን ግን አልጠየቅህም» አሉና የጎማውን ጎን በጨርቅ ወልውለው አንድ የተቀረጸ ነገር አሳዩኝ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 1108። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት። በፈረንጅ የ2008 አሥራ አንደኛ ሳምንት። አሥር ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል ማለት ነው። ይሄ የሆነ ቦታ ስኮርታ ሆኖ ተቀምጦ የኖረ ነው። ሳይሠራ አርጅቷል።» ከዚያ ጎኑን በአውራ ጣታቸው አጠፍ አደረጉት። እንደ ክረምት መሬት የተሰነጣጠቁ ጥቃቅን መስመሮች ብቅ አሉ። እነዚያን መስመሮች ከመግዛቴ በፊት አይቻቸው ነበር። አቧራ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው።

ያን ዕለት በዚያች ሱቅ የተማርኩትንና ከአጎቴ ተምሬ የረሳሁትን በአንድነት ልጻፍላችሁ፤ ከእናንተ አንዱ እንኳ ቢጠቀምበት ይበቃኛል። ጎማ በሁለት መንገድ ይሞታል፤ በሥራና በዕድሜ። በሥራ የሚሞተው ጥርሱ አልቆ ነው። የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ጎማው አበቃለት፤ በጎድጓዳው ውስጥ ከዳር ዳር የተሠሩት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። የጥርሱ ሥራ ውኃውን ከጎማው ሥር ማስወጣት ነው፤ ጎድጓዳው ካለቀ መኪናው በዝናብ ጊዜ የሚሄደው በአስፋልቱ ላይ መሆኑ ይቀርና በውኃው ላይ ይሆናል። በዕድሜ የሚሞተው ደግሞ ላስቲኩን ፀሐይና አየር እያደረቁት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፤ አሥር ዓመት የሞላው፣ ስኮርታም ይሁን፣ ጥርሱ ሙሉም ይሁን፣ ይውረድ።

አበላሉም ይናገራል። ሁለቱ ዳርቻ ከተበላ አየር ጎድሎት ነበር፤ መካከሉ ከተበላ ከልክ በላይ ተነፍቶ ነበር፤ አንዱ ዳር ብቻ ከተበላ የእግሮቹ አቋም ተዛብቷልና አላይመንት ይፈልጋል። በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ የፊቱንና የኋላውን ማቀያየር አራቱንም እኩል ያስረጃል። ግፊቱ በወር አንድ ጊዜ፣ በማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ ይለካ፤ ልኩ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል። ሚስማር የበሳው በመርገጫው በኩል ከሆነ ይጠገናል፤ ጎኑ የተቀደደ ወይም ያበጠ ግን አይጠገንም። ጥንድ ጎማ ያለው መኪና ደግሞ በጥንዶቹ መካከል ድንጋይ አለመሰንቀሩን ሳያይ አይነሣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የተበራከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በባትሪያቸው ምክንያት ከበድ ይላሉና ጎማቸው ቶሎ ይበላል።

*

ጎሚስታው አዲስ ጎማ አስመርጠው ለቀኝ እግር ገጠሙልኝ። ለግራውም እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው፤ ሁለቱም ጎማዎች ከአንድ ቀን የተገዙ መንትያዎች ነበሩና። የግራው ወርዶ መሬት ላይ ተጋደመ። አልፈነዳም፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ሲያዩት ደህና ጎማ ነው። በዚያች ቅጽበት፣ ያንን ሁሉ አይቼ እንኳ፣ ውስጤ ያለው ቆጣቢ ብቅ አለና «ጋሼ፣ ይህኛው እንኳ ይሸጣል። ወስጄ ብሸጠው ከዋጋው ያካክስልኛል» አልኩ።

ጎሚስታው ቀና ብለው አዩኝ። «ለማን?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለማን? ልጆቹን ጭኖ ለመስቀል ወደ እናቱ ለሚሄድ ለሌላ ሰው ነው። በመንገዱ ጠርዝ እንጨት አዝላ ለምትሄድ ለሌላ ልጅ ነው። የአባቶቼ ቁጠባ በራሳቸው ሆድ፣ በራሳቸው እግር ላይ ነበረ። የበረባሶው ጠፍር ቢበጠስ የሚሰናከለው ባለበረባሶው ራሱ ነው። የእኔ ቁጠባ ግን የተቆጠበው ከሌላ ሰው ልጅ ዕድሜ ላይ ነበር፤ የማላውቃትና ስሟን እንኳ ያልጠየቅኋት ልጅ።

ዝም ስል ጎሚስታው ረጅም ቢላዋ አነሡ። ማንም ዳግመኛ ነፍቶ እንዳይሸጠው የጎማውን ጎን ከዳር እስከ ዳር ቀደዱት። ከዚያ ወደ ጥግ ወርውረው «አሁን ለጫማ ሠሪው ይሆናል» አሉ።

ወልቂጤ ዛሬም የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራም በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆናለች። ያ ትውልድ በመዋጮ የጀመራቸው መንገዶች አስፋልት ለብሰዋል፤ መኪናው በዝቷል፤ ፍጥነቱም ጨምሯል። ያን ምሽት እናቴ ዘንድ ደርሰን ክትፎው ቀርቦ፣ ልጆቹ ደመራው ዙሪያ ሲሯሯጡ፣ ስለ ጎማው ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ አዲሱን ጋቢ ለብሳ «ስንት ገዛኸው? ገንዘብህን አታባክን» አለችኝ። በዚያ ጋቢ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሬ አዲስ ጎማ መግዛት እችል እንደ ነበረ አልነገርኳትም። እነሆ ዛሬ ጻፍኩት።

መጪው መስቀል የደስታ ይሁንላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ጎንበስ በሉና እነዚያን አራት ቁጥሮች አንብቧቸው።

ቸር መንገድ።